የቤት ኪራይ በወቅቱ መክፈል ሲያዳግት፦ ተከራይም አከራይም ሊያውቁት የሚገባ

የቤት ኪራይ ለአብዛኛው የከተማ ነዋሪ ከወር ወጪ ሁሉ ቀድሞ የሚታሰብ ነው። ከምግብ ይቀነሳል፣ ልብስ ለሌላ ጊዜ ይቆያል፤ ኪራይ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ደመወዝ የዘገየበት ሠራተኛ፣ ገበያ የቀዘቀዘበት ነጋዴ፣ ሥራ ያጣ የቀን ሠራተኛ፣ ልጁን ለትምህርት ከተማ አስቀምጦ እህሉ ገና ከማሳ ያልተነሣለት አርሶ አደር የኪራዩ ቀን ሲደርስ እጃቸው ባዶ ሊሆን ይችላል። አከራዩም ቢሆን ሁልጊዜ ባለጸጋ አይደለም። ከግቢያቸው ሁለት ክፍል አከራይተው በዚያችው ገንዘብ የሚተዳደሩ ጡረተኞችና ባላቸውን ያጡ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ የአንድ ወር ኪራይ መዘግየት በአንድ ጊዜ የሁለት ቤተሰብ ጉዳይ ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ ኪራይ በወቅቱ መክፈል ያልቻለ ሰው ከአከራዩ ጋር እንዴት መነጋገር እንዳለበት፣ ስምምነቱ እንዴት በጽሑፍ እንደሚሰፍር፣ ሕጉ ለሁለቱም ወገኖች ምን እንደሚል፣ አለመግባባት ሲፈጠርም ወዴት መሄድ እንደሚቻል ያብራራል።

ሳይቃጠል በቅጠል

ብዙ ተከራዮች የሚከፍሉት ሲያጡ የመጀመሪያ ምርጫቸው መደበቅ ነው። በማለዳ ወጥተው ማታ ሲመሽ ይገባሉ፤ ስልክ አያነሡም። ይህ አንድ ሳምንት ቢያስገኝም አመኔታን ያሳጣል። አከራዩ በአብዛኛው ይበልጥ የሚቆጣው በገንዘቡ መዘግየት ሳይሆን በዝምታው ነው፤ ዝም ያለ ተከራይ ሊጠፋ ያሰበ ይመስለዋልና።

እንደማይከፈል የታወቀ ዕለት መናገር ይበጃል። ከኪራዩ ቀን አንድ ሳምንት አስቀድሞ የተነገረው አከራይ የራሱን ወጪ ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚነገር ግን እውነት ቢሆንም ምክንያት ፍለጋ ይመስላል። የሚቻል ከሆነ በአካል ሄዶ፣ ሰው ባልበዛበት ሰዓትና ቦታ መነጋገር ያስፈልጋል። በግቢው ውስጥ ሌሎች ተከራዮች እየሰሙ የሚደረግ ንግግር አከራዩን ወደ እልህ፣ ተከራዩን ወደ እፍረት ይወስዳል። አከራዩ በሌላ ከተማ ወይም በውጭ አገር የሚኖር ከሆነ ጉዳዩ በወኪሉ በኩል ብቻ ሳይወሰን ለራሱም በስልክ ወይም በጽሑፍ መልእክት ሊነገረው ይገባል።

ንግግሩ አራት ነገሮችን ቢይዝ በቂ ነው። እነሱም ምን እንደተፈጠረ፣ አሁን በእጅ ያለው ስንት እንደሆነ፣ ቀሪው የሚከፈልበት ቀን፣ በመጨረሻም የአከራዩን አስተያየት መጠየቅ ናቸው። ለምሳሌ ወርኃዊ ኪራዩ 4 ሺህ ብር የሆነ ተከራይ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «እትዬ፣ የዚህን ወር ኪራይ በ30 ሙሉውን መክፈል እንደማልችል ቀድሜ ልንገርዎት ብዬ ነው የመጣሁት። ደመወዝ ገና አልገባልንም። በእጄ ያለው 2 ሺህ ብር ነው፤ እሱን ዛሬ ልስጥዎት። የቀረውን በሚመጣው ወር በ10 አመጣለሁ። ይህ የማይመችዎት ከሆነ እንዴት ብናደርግ ይሻላል ይላሉ?»

ቃል የሚገባው ቀን የእውነት ቀን መሆን አለበት። «ደመወዝ ሲገባ»፣ «እህሉ ሲሸጥ»፣ «ሰው ሲልክልኝ» የሚሉ አነጋገሮች ቀን አይደሉም። ገንዘቡ በ5 ይገባል ተብሎ የሚጠበቅ ከሆነ የመክፈያውን ቀን 10 ማድረግ ይመረጣል። በ5 ብሎ በ8 ከሚከፍል ይልቅ በ10 ብሎ በ9 የሚከፍል ተከራይ ይታመናል።

ምን ዓይነት አማራጭ ማቅረብ ይቻላል?

ለአከራዩ «ይታገሡኝ» ብቻ ማለት ሸክሙን ሁሉ በእሱ ላይ መጣል ነው። አማራጭ ይዞ መቅረብ ግን ንግግሩን ወደ መፍትሔ ይመራዋል።

የመጀመሪያው አማራጭ በከፊል መክፈል ነው። ግማሹን ወይም ሲሶውን በቀኑ ማቅረብ የመክፈል ፍላጎት መኖሩን በተግባር ያሳያል።

ሁለተኛው ዕዳውን ከፋፍሎ ከሚቀጥሉት ወራት ኪራይ ጋር መክፈል ነው። የ4 ሺህ ብር ኪራይ አንድ ወር ያመለጠው ሰው በየወሩ 1 ሺህ ብር ቢጨምር፣ ማለትም ለአራት ወር 5 ሺህ ብር ቢከፍል ዕዳው ይዘጋል። ይህን ከማቅረብ በፊት ግን ተከራዩ በየወሩ ያቺን ተጨማሪ 1 ሺህ ብር ከየት እንደሚያመጣት ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ ማስላት አለበት። በሁለተኛው ወር የሚፈርስ ስምምነት ካልተደረገ ስምምነት የባሰ ነው።

ሦስተኛው የመክፈያውን ቀን ማዛወር ነው። ደመወዙ በወሩ መጨረሻ የሚገባ ሰው ኪራዩን በ25 እንዲከፍል የሚያስገድድ ውል ካለው በየወሩ መቸገሩ አይቀርም። ቀኑን ወደ 5 ማዛወር ለአከራዩ ብዙም የማይጎዳ፣ ለተከራዩ ግን ዘላቂ እፎይታ የሚሰጥ ለውጥ ነው።

አራተኛው በቅድሚያ የተከፈለ ገንዘብ ካለ ላልተከፈለው ወር እንዲታሰብ መጠየቅ ነው። ይህ በአከራዩ ፈቃድ የሚሆን እንጂ ተከራዩ በራሱ የሚወስነው አይደለም።

በአንዳንድ ቤት ደግሞ ሥራን በገንዘብ ማካካስ ይቻላል። ግንበኛ፣ አናጺ ወይም የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሆነ ተከራይ የግቢውን አጥር ወይም የቤቱን ጣሪያ ቢጠግን ዋጋው ከኪራዩ ሊቀነስ ይችላል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን ዋጋው በቁጥር መታወቅ አለበት፤ አለበለዚያ አንዱ ጠብ በሌላ ይተካል።

መስከረምና የአርሶ አደሩ ልጆች

በአገራችን የኪራይ ወር የሚቆጠረው በ12ቱ ባለ 30 ቀን ወራት ነው፤ ጳጉሜን በአብዛኛው ለብቻዋ ኪራይ አይከፈልባትም። ሆኖም ከጳጉሜን ቀጥሎ የምትመጣው መስከረም ከባድ ወር ናት። የትምህርት ቤት መዋጮ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል በአንድ ወር ይደራረባሉ። ወርኃዊ ደመወዝ ያለው ሰው ይህን ከሰኔ ጀምሮ እያሰበ ጥቂት ጥቂት ማስቀመጥ ይችላል።

ለአርሶ አደሩ ነገሩ ይለያል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአቅራቢያቸው የሌለ የገጠር ልጆች በወረዳ ከተማ አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተው፣ ስንቅ ከቤት እያመጡ ይማራሉ። ኪራዩ ከመስከረም እስከ ሰኔ ለአሥር ወር ይከፈላል። የመኸር እህል የሚሰበሰበው ግን ከኅዳር ወዲህ ነው። ስለሆነም የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ገንዘብ የሚያጥርባቸው ናቸው። አዲስ አዝመራ እንደገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ሲወጣ የእህል ዋጋ ዝቅ ይላል፤ የኪራይ ዕዳ የተጫነው ቤተሰብም እህሉን በዚያው በረከሰ ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል።

ይህን ለማቃለል የሚከተሉት ይጠቅማሉ። በቅድሚያ የዓመቱን ኪራይ ማስላት ያስፈልጋል። ወርኃዊ ኪራዩ 1 ሺህ ብር ከሆነ ለአሥር ወር 10 ሺህ ብር ነው። ሦስት ተማሪዎች ከተጋሩት የአንዱ ድርሻ ወደ 3 ሺህ 334 ብር ይሆናል። ቀጥሎ ይህን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከእህል ብቻ ከመጠበቅ ከተለያየ ምንጭ ማሰባሰብ ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ኪራይ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ገበያ ከሚወጣ በግ፣ የቀጣዮቹ ደግሞ ከእህል ሽያጭ ሊሸፈን ይችላል። ከእህል ሽያጩ የተለየው የኪራይ ገንዘብ በባንክ ተቀምጦ በየወሩ ለአከራዩ ቢተላለፍ፣ ልጁ ገንዘብ ይዞ እንዳይንቀሳቀስና ለሌላ ወጪ እንዳይውል ይረዳል።

ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተማሪ በራሱ የሚዋዋል አይደለም፤ ውሉን መፈረም ያለበት ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነው። ወላጅ ስልኩን ለአከራዩ መስጠትና «ኪራይ ከዘገየ ለእኔ ይደውሉ፤ ልጁን ከትምህርቱ አያስቀሩብኝ» ብሎ ማስታወቅ ይኖርበታል። በተለይ ለብቻቸው ተከራይተው በሚኖሩ ሴት ተማሪዎች ላይ የኪራይ ዕዳን ምክንያት አድርጎ የሚቀርብ ማናቸውም ያልተገባ ጥያቄና ማስፈራሪያ የዕዳ ጉዳይ ሳይሆን የወንጀል ጉዳይ ነው። ለወላጅ፣ ለትምህርት ቤቱና ለፖሊስ ወዲያውኑ መነገር አለበት። ልጆችም የኪራይ መዘግየት የእነሱ ጥፋት እንዳልሆነና ለማንም ዝም እንዲሉ እንደማያስገድዳቸው አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።

ስምምነቱ በወረቀት ይስፈር

በመልካም መንፈስ የተደረገ የቃል ስምምነት ከሁለት ወር በኋላ ሁለት መልክ ይይዛል፤ አንዱ «በወር 1 ሺህ ነው ያልነው» ሲል ሌላው «እስከ ጥር ሙሉውን ነው» ይላል። ስለዚህ ስምምነቱ አጭር ቢሆንም መጻፍ አለበት። የሚከተለውን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል፦

«እኛ አከራይና ተከራይ ስማችንና አድራሻችን ከላይ የተጠቀሰው፣ ቀደም ሲል በገባነው የቤት ኪራይ ውል መሠረት የኅዳር ወር ኪራይ ብር 4,000 ሳይከፈል የቀረ ስለሆነ እንደሚከተለው ተስማምተናል። ተከራይ ይህን ዕዳ ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ ከመደበኛው ኪራይ ጋር በየወሩ ብር 1,000 በመጨመር እስከ መጋቢት 30 ቀን ድረስ ከፍሎ ያጠናቅቃል። ክፍያው በአከራይ የባንክ ሒሳብ ገቢ ይሆናል። ይህ ስምምነት እስከተከበረ ድረስ አከራይ በኅዳር ወር ዕዳ ምክንያት ውሉን አያቋርጥም። የቀድሞው ውል በሌሎች ነጥቦች እንደጸና ይቀጥላል።»

ጽሑፉ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበታል፤ ቀኑ ይጻፍበታል፤ ቢያንስ ሁለት ምስክሮችም ቢፈርሙ ይመረጣል። ማንበብ የማይችል ሰው ካለ ከመፈረሙ በፊት የራሱ ሰው ሊያነብለት ይገባል።

ክፍያን በተመለከተም ማስረጃ መያዝ የተከራዩ ኃላፊነት ነው። በባንክ ወይም በቴሌብር የሚተላለፍ ገንዘብ ራሱ ማስረጃ ነው። ሲተላለፍ በምክንያቱ ቦታ «የታኅሣሥ ኪራይ እና የኅዳር ዕዳ» ብሎ መጻፍ ኋላ ከሚነሣ ክርክር ያድናል። በእጅ የሚከፈል ከሆነ የተከፈለውን መጠን፣ ቀኑንና የየትኛው ወር እንደሆነ የሚገልጽ፣ በአከራዩ የተፈረመ ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል። «በመካከላችን እምነት አለ» ብሎ ደረሰኝ መተው በፍርድ ቤት ዋጋ ያስከፍላል።

ሕጉ ምን ይላል?

የቤት ኪራይ ግንኙነት በዋናነት የሚገዛው በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ኪራይ መክፈልን የተከራዩ ዋና ግዴታ ያደርገዋል። ነገር ግን አንድ ቀን በመዘግየቱ ብቻ ተከራዩ እንዲባረር አይፈቅድም። ተከራዩ ሲያዘገይ አከራዩ የመክፈያ ጊዜ ሰጥቶ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተከፈለ ውሉን እንደሚያቋርጥ ማስጠንቀቅ አለበት። ውሉ ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የተደረገ ከሆነ ይህ ጊዜ ከ30 ቀን ማነስ የለበትም። ውሉ ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ ከሆነ ደግሞ 15 ቀን ነው። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም «አንድ ቀን ካለፈ ውሉ ወዲያው ይፈርሳል» የሚል ቃል በውሉ ውስጥ ቢጻፍም ዋጋ እንደሌለው ሕጉ ደንግጓል።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተጨማሪ ሥርዓት አምጥቷል። አዋጁ ተግባራዊ በሚሆንባቸው ከተሞች የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆንና በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት። የውሉ ጊዜ ከሁለት ዓመት አያንስም። አከራይ በቅድሚያ ሊቀበል የሚችለው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይፈጸማል። የኪራይ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያስታውቀው መጠን ብቻ ይሆናል።

ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ አከራይ «ኪራይ ስላዘገየህ ከመጪው ወር ጀምሮ ጨምረህ ትከፍላለህ» ማለት አይችልም፤ መዘግየትና የኪራይ ጭማሪ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ሁለተኛ፣ አዋጁ ተከራይን የሚጠብቀው ግዴታውን እስከተወጣ ድረስ ነው። ኪራይ አለመክፈል የሁለት ዓመቱ ጊዜ ሳይሞላ ውሉን ለማቋረጥ ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ «ሁለት ዓመት ማንም አያስወጣኝም» ብሎ መዘናጋት አደገኛ ነው። ማስጠንቀቂያ የደረሰው ተከራይ ወረቀቱን ይዞ ውሉ በተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ የቀረውን ጊዜ ወዲያውኑ ማጣራት አለበት።

አዋጁ የመኖሪያ ቤትን ይመለከታል። ሱቅ፣ መጋዘን ወይም የሥራ ቦታ የተከራየ ሰው መብቱንና ግዴታውን የሚያገኘው በውሉና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። በቀበሌ ወይም በመንግሥት ቤት የሚኖር ደግሞ ዕዳው ሳይከማች ቤቱን ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቶ የአከፋፈል ጊዜ መጠየቅና የማመልከቻውን ቅጂ መያዝ ይኖርበታል።

ስለ ወለድ የሚነሣ ጥያቄም አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። በዚህ መጠን 4 ሺህ ብር ለአንድ ወር ቢዘገይ የሚታሰበው ወለድ 30 ብር ገደማ ነው። በየቀኑ መቶና ሁለት መቶ ብር እየጨመረ የሚሄድ ቅጣት የተጠየቀ ተከራይ ከመክፈሉ በፊት ውሉ ምን እንደሚል ማየትና የሕግ ምክር መጠየቅ ይበጀዋል።

ሁለቱም ሊያደርጉት የማይገባ

ዕዳ መኖሩ አከራይን ዳኛና ፖሊስ አያደርገውም። ተከራዩ በሌለበት በሩን ሰብሮ ወይም ቁልፍ ቀይሮ መዝጋት፣ ዕቃ አውጥቶ መጣል፣ ዕቃን በመያዣነት መቀማት፣ ለማስጨነቅ ሲባል መብራትና ውሃ መቁረጥ፣ በልጆች ፊት መሳደብና ማስፈራራት ሕገ ወጥ ናቸው። የሰው መኖሪያ በሕገ መንግሥቱም በወንጀል ሕጉም የተጠበቀ ነው። ተከራይ አልወጣም ካለ የሚወጣው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። በራሱ ኃይል ያስወጣ አከራይ የኪራይ ገንዘቡን ሊጠይቅ ሄዶ ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል።

ተከራይም በበኩሉ የሌሊት ጨለማ ለብሶ ዕቃ ጭኖ መጥፋት፣ የቤቱን በርና መስኮት መንቀል፣ ሳይከፍል ለሌላ ሰው ማከራየት፣ «ጣሪያው ያፈሳልና አልከፍልም» ብሎ በራሱ ፈቃድ ኪራይ ማስቀረት አይገባውም። ቤቱ እድሳት የሚያስፈልገው ከሆነ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ኪራይ ግን ይከፈላል። የጠፋ ተከራይ ዕዳው አብሮት አይጠፋም፤ በከተማው መልካም ስሙን ያጣል፤ ዋስ የሆነለት ሰው ካለም ዕዳው በዚያ ሰው ላይ ያርፋል።

ሽምግልናና ፍርድ ቤት

ሁለቱ በራሳቸው መስማማት ካልቻሉ የመጀመሪያው መንገድ ሽምግልና ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለቱም የሚቀበሏቸው መሆን አለባቸው፤ የአንዱ ዘመድ ወይም ባለዕዳ የሆነ ሰው ባይገባበት ይሻላል። የእድር ዳኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሁለቱንም የሚያውቅ ጎረቤት ለዚህ ይመረጣሉ። ሽምግልና ያለ ወጪና በአጭር ጊዜ የሚያልቅ ከመሆኑም በላይ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሰዎች ነገ ተቀያይመው እንዳይውሉ ያደርጋል። የሽማግሌዎቹ ውሳኔም እንደ ሌላው ስምምነት በጽሑፍ ሰፍሮ ሊፈረምበት ይገባል።

ሽምግልና ካልሠራ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የፍርድ ቤት መጥሪያ የደረሰው ተከራይ ዋናው ስሕተቱ የሚሆነው አለመቅረብ ነው። የሚከፍለው ገንዘብ የሌለው ሰው እንኳ በቀጠሮው ቀን ቀርቦ ምን ያህል እንደከፈለ፣ ምን ያህል እንደቀረበትና በምን አኳኋን ሊከፍል እንደሚችል ሲያስረዳ ይሰማል። ካልቀረበ ግን አከራዩ ያቀረበው ብቻ ተሰምቶ ሊወሰን ይችላል። ይዞ መቅረብ የሚገባው የኪራይ ውሉን፣ የክፍያ ደረሰኞችንና የባንክ ማስተላለፊያዎችን፣ የደረሰውን ማስጠንቀቂያ፣ ከአከራዩ ጋር የተጻጻፈውን መልእክት፣ ገቢው የተቋረጠበትን ምክንያት የሚያሳይ ማስረጃ ካለም እሱን ነው።

ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው በባሕር ዳርና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች እንደሚሰጡት ያሉ የነጻ የሕግ ድጋፍ አገልግሎቶችን መጠየቅ፣ ወይም በአካባቢው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ወዴት መሄድ እንዳለበት መረዳት ይችላል።

ገንዘቡን ከየት?

የኪራይ ቀዳዳን ለመድፈን ገንዘብ ሲፈለግ ምንጩን መምረጥ ከዕዳው እኩል ያሳስባል። እቁብተኛ የሆነ ሰው ዕጣው ከደረሰው ባልንጀራው ጋር ተራ እንዲለዋወጥ እቁቡን መጠየቅ ይችላል። በመሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ማኅበር ያለው ሠራተኛ ከራሱ ቁጠባ በአነስተኛ ወለድ ሊበደር ይችላል። አሠሪም ከሚቀጥለው ደመወዝ የሚታሰብ ቅድሚያ እንዲሰጥ ሊጠየቅ ይችላል። ለአርሶ አደር ደግሞ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበርና የቁጠባ ተቋማት አሉ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በጭንቀት ሰዓት አራጣ አበዳሪ መፍትሔ መስሎ ይታያል። በወር 10 በመቶ የተበደረ ሰው ለ4 ሺህ ብር በየወሩ 400 ብር ወለድ ይከፍላል፤ በአሥር ወር ወለዱ ብቻ ዋናውን ያክላል፤ ዋናው ዕዳ ግን እንዳለ ነው። ከላይ እንደተገለጸው ለአከራዩ ለዚያው ገንዘብ የሚታሰበው ሕጋዊ ወለድ በወር 30 ብር ገደማ ነው። ከአራጣ አበዳሪ ይልቅ ለአከራይ ባለዕዳ ሆኖ ተስማምቶ መክፈል እጅግ ይሻላል። አራጣ ማበደር ራሱ በወንጀል ሕጉ የተከለከለ ነው። የበሬ፣ የእርሻ መሣሪያ ወይም የዘር እህል ሽያጭም እንዲሁ የመጨረሻ ምርጫ ሊሆን ይገባል፤ የዛሬን ኪራይ ከፍሎ የነገን ገቢ ያሳጣልና።

ለአከራዮች

አከራይ ገንዘቡን የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። ሆኖም ከመቆጣቱ በፊት ሊያሰላው የሚገባ ነገር አለ። ለሁለት ዓመት በወቅቱ ሲከፍል የኖረ ተከራይ አንድ ወር ቢዘገይና በእሱ ምትክ ሌላ ሰው ቢፈለግ፣ ቤቱ አንድና ሁለት ወር ባዶ ሊቆይ፣ ለደላላ ሊከፈልበት፣ ቀለምና ጥገናም ሊጠይቅ ይችላል። አዲሱ ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ደግሞ አይታወቅም። በአራት ወር ተከፋፍሎ የሚመለስ ዕዳ ከዚህ ሁሉ ሊቀል ይችላል።

በሌላ በኩል ትዕግሥት ገደብ የለውም ማለት አይደለም። አንድ ወር ሳይከፈል ሲቀር ወዲያው በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ሁለተኛው ከመድረሱ በፊት ስምምነት መያዝ፣ ስምምነቱ ከፈረሰም ሕጉ የሚጠይቀውን ማስጠንቀቂያ መስጠት ተገቢ ነው። ዝም ብሎ አምስትና ስድስት ወር አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ መጠየቅ ተከራዩን ሊከፍለው በማይችለው ዕዳ ውስጥ ይከትታል፤ አከራዩም ገንዘቡን የማግኘት ዕድሉ ይጠባል።

መልቀቅ ግድ ሲሆን

አንዳንድ ጊዜ ገቢው ዳግም እንደማይመለስ፣ ቤቱም ከአቅም በላይ መሆኑ ግልጽ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን በየወሩ ዕዳ እየጨመሩ ከመቆየት ቀድሞ አሳውቆ ወደሚመጥን ቤት መዛወር ብልህነት ነው። በሚለቀቅበት ቀን ሁለቱም ወገኖች ባሉበት ቤቱ ይታያል፤ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ንባብ ይመዘገባል፤ ያልተከፈለ ሒሳብ ይሠራል፤ ቁልፉም በፊርማ ይመለሳል። የቀረ ዕዳ ካለ መጠኑና የመክፈያ ጊዜው በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ውሉ የተመዘገበ ከሆነም መቋረጡ ለመዘገበው ጽሕፈት ቤት ይነገራል። የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም «ከዚህ በኋላ የቀረ ዕዳ የለም» የሚል ፊርማ ያለበት ወረቀት ተቀብሎ ማስቀመጥ መዘንጋት የለበትም። በዚህ መንገድ የለቀቀ ተከራይ ቀጣዩ አከራይ ስለ እሱ ቢጠይቅ መልካም ምስክርነት ያገኛል፤ አከራዩም ቤቱን ያለ ክርክር ለሌላ ሰው ለማከራየት ይችላል።